ትኩስ ዓሣና የሐዲዱ ቀጠሮ

በሪያድ የዓሣ ገበያ ማለዳ ላይ በረዶ ለብሶ የሚታየው ሐሙርና ከንዓድ ሌሊቱን በመንገድ ያሳለፈ ነው። ከፊሉ ከምሥራቁ ጠረፍ፣ ከቀጢፍና ከደማም ይመጣል። ከፊሉ ከጂዛን ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የዑማን ዓሣም በከባድ መኪና ድንበር ይሻገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ዑማንን ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው የሩብ አል-ኻሊ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ለጭነት መኪናዎች አማራጩ ሰፍቷል። በላተኛው ስለ ዋጋው ይከራከራል እንጂ ስለ ጉዞው አይጠይቅም። ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ ግን ሁለት ሞተር ያስነሣል፤ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ያቀዘቅዛል። በሐምሌና በነሐሴ የውጭው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ሁለተኛው ሞተር ለአፍታም አያርፍም። መሪውን የጨበጠው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር ለእንጀራ የመጣ ባዕድ፣ ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ ሌሊቱን ይነዳል። የናፍጣውም የድካሙም ዋጋ በመጨረሻ ዓሣው ላይ ይታሰባል።

መኪናው ይህን ገበያ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭነቱን ከወደቡ አንሥቶ ሳያወርድ እስከ ሻጩ በር ያደርሳል። አጥማጁ ከባሕር ዘግይቶ ቢመለስ አሽከርካሪው አንድ ሰዓት ይጠብቀዋል፤ ባቡርና መርከብ ግን ማንንም አይጠብቁም። ዓሣ ደግሞ ለሙቀት እጅግ የተጋለጠ ምግብ ነው። በበረዶ ውስጥ በዜሮ ዲግሪ የተቀመጠ ዓሣ የሚበላሽበት ፍጥነት፣ ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሲደርስ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ 10 ዲግሪ ሲደርስ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ጭነቱ ከመኪና ወደ ፉርጎ ሲሸጋገር በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የሚቆይባት ግማሽ ሰዓት በሐዲድ የተገኘውን ጥቅም ሁሉ ልትበላው ትችላለች። የዓሣ ነጋዴዎች ባቡርን የሚጠራጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጥርጣሬያቸውም አይነቀፍም።

ይህን ጥርጣሬ በሥራ ከፈተኑት አገሮች አንዷ ኖርዌይ ናት። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ለውጭ ገበያ የምታቀርበው ይህች አገር አብዛኛውን ዛሬም በመኪና ትልካለች። በሰሜን ግን ከናርቪክ ወደብ የሚነሣ የጭነት ባቡር አላት። ሐዲዱ መጀመሪያ ለዓሣ አልተዘረጋም፤ ከስዊድኗ ኪሩና የሚወጣውን የብረት ማዕድን ወደ ባሕር ለማውረድ እ.ኤ.አ. በ1902 የተጠናቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በናርቪክና በኦስሎ መካከል የጭነት ባቡር ይመላለስበታል። ናርቪክ ከቀረው የኖርዌይ የባቡር መረብ ጋር ስላልተገናኘች፣ ባቡሩ ወደ ገዛ አገሩ ዋና ከተማ ለመድረስ የጎረቤትን ምድር አቋርጦ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጉዞው ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ወደ ደቡብ ሲወርድ ዓሣ ይጭናል፤ ሲመለስ ለሰሜኑ ሱቆች ምግብና ሸቀጥ ይዞ ይወጣል።

ከዚህ ልምድ ሊወሰድ የሚገባው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ መኪናውን በፍጥነት አይቀድመውም። ነጋዴው የሚገዛው ቀጠሮውን ነው፤ ጭነቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሣና በየትኛው ሰዓት እንደሚደርስ አስቀድሞ ያውቃል፤ ዓሣ ማረጃውም ሥራውን በዚያ ሰዓት ያደላድላል። የመልስ ጭነት መኖሩ ደግሞ ዋጋውን ያቃልላል። ማዕድን ተብሎ የተሠራ መስመር ዓሣ ሊሸከም የቻለው እነዚህ ሁለቱ ስለተሟሉለት ነው።

ከኦስሎ ወዲያ ባሕር አለ። ከደቡብ ኖርዌይ ወደቦች ወደ ዴንማርኳ ሂርትስሃልስ፣ ከስዊድኗ ትሬለቦርግ ወደ ጀርመኗ ሮስቶክ መኪና አሻጋሪ መርከቦች ይመላለሳሉ። ተሳቢው ብቻውን ወደ መርከቡ ሆድ ሊገባ ይችላል፤ ማቀዝቀዣው ከመርከቡ ኤሌክትሪክ ጋር ይገናኛል፤ አሽከርካሪው ጎታቹን ይዞ ይመለሳል፤ ማዶ ሌላ ጎታች ይረከበዋል። ሰውየው ሌሊቱን በቤቱ ያድራል ማለት ነው፤ ይህ በየትኛውም የወጪ ሰነድ ላይ በወጉ የማይመዘገብ ትርፍ ነው። የአየሩም ጉዳይ አለ፦ በአውሮፓ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ስሌት አንድ ቶን ጭነት በባቡር ሲጓዝ የሚያስከትለው የካርቦን ልቀት በከባድ መኪና ከሚያስከትለው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው።

ነገር ግን የናርቪክ መስመር ድክመቱንም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ማዕድን የጫነ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ መስመሩን ክፉኛ ጎዳው። አገልግሎቱ የተመለሰው በፌብሩዋሪ 2024 ነበር፤ ጥቂት ቀናት እንኳ በወጉ ሳይሠራ ሌላ ባቡር ወጣና እንደገና ተዘጋ። ዓሣው ወደ ክረምቱ በረዷማ መንገድ ተመለሰ። አንድ ሐዲድ ብቻ ያለው ሁሉ እንዲህ ያለ ቀን ይጠብቀዋልና፣ መኪናን ፈጽሞ ለማስወጣት ማሰብ ሞኝነት ነው። ከደማም ሪያድ ላለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም መኪናው ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ ማውረድና መጫን ለእንዲህ ያለው አጭር ጉዞ አይከፍልም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዛሬ የሐዲድ ዘመን ጀምረዋል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2023 በሙሉ ርዝመቱ ለጭነት የተከፈተው ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ከሳዑዲ ድንበር ከጉዌይፋት እስከ ፉጀይራ ይደርሳል። ሱሐርን ከአቡ ዳቢ ጋር የሚያገናኘው የ238 ኪሎ ሜትር የሐፊት መስመር በግንባታ ላይ ነው። ስድስቱን የትብብር ምክር ቤት አገሮች የሚያስተሳስረው የ2,117 ኪሎ ሜትር ዕቅድም አለ። እነዚህ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ሲታቀዱ ግን በቅድሚያ የታሰበው ለድኝ፣ ለድንጋይና ለኮንቴይነር ነው። ድኝ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ቢያድር የሚከስር የለም። ከባጢና ጠረፍ የወጣ ዓሣ ግን ሱሐር ላይ ማቀዝቀዣውን የሚሰካበት ኤሌክትሪክ ካላገኘ፣ ማታ ተነሥቶ ከንጋት በፊት የሚገባ ባቡር ካልተመደበለት፣ የጤና ምርመራውም በመጫኛው ጣቢያ አልቆ ድንበሩን ሳይቆም ካላለፈ፣ አዲሱ ሐዲድ በአጠገቡ እያለፈ እርሱ በመኪና መሄዱን ይቀጥላል። ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው። ሽቦ በገንዘብ ይዘረጋል፤ የሁለት አገር መርማሪዎች አንዱ የሌላውን ማኅተም እንዲቀበል ግን ስምምነት ያስፈልጋል።

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ አን-ነሕል የባሕርን ጸጋ ሲያወሳ የሥጋውን ትኩስነትና በውኃው ላይ የሚቀዝፉትን መርከቦች በአንድ አንቀጽ ያነሣል። ጸጋውና ማጓጓዣው አብረው መጠቀሳቸው ሙስሊሙን አንባቢ ሊያሳስበው ይገባል። በመንገድ ተበላሽቶ የሚጣል ዓሣ ኢስራፍ ነው፤ የአሽከርካሪውም ነፍስ አማና ናት።

የአማርኛ ተናጋሪው አንባቢ ይህንኑ ጥያቄ በአገሩም ያውቀዋል። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አዲስ አበባ የሚገባው በመኪና ነው። በሞጆና በአካባቢዋ ቄራዎች በሐላል የታረደው የፍየልና የበግ ሥጋ ወደ ጅዳና ዱባይ የሚመጣው በአውሮፕላን ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው 752 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ባቡር በሞጆ በኩል ያልፋል። አውሮፕላኑን መተካት ቀላል አይሆንም፤ ባቡሩ ከመርከብ ጋር በሰዓት ካልተቀጣጠረ ሥጋው ጅቡቲ ላይ ቆሞ ይቀራል።

የሐፊት ጣቢያዎች ገና በመሠራት ላይ ናቸው። የዓሣ ሀብት፣ የጉምሩክና የባቡር ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የመሰኪያውን ቦታ፣ የሌሊቱን ባቡር ሰዓትና የምርመራውን ማኅተም መወሰን ያለባቸው አሁን ነው። አጥማጆቹና የገበያ ነጋዴዎቹም ከዚያ ጠረጴዛ ሊቀሩ አይገባም፤ ጀልባዋ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።