ሒሳባችንን የሚሠራው ማን ነው?

በአሽቀሎን የምንኖር ከኢትዮጵያ የመጣን ቤተሰቦች ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ቤት በጀት ብዙ ጊዜ አቤት ብለናል። ሒሳቡ ግን የሚያልቀው ከአቤቱታችን በፊት፣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በተቀመጡበት ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 መንግሥት ለኢትዮጵያ ዖሊም ልዩ ማሽካንታ ፈቀደ። እርዳታው ትልቅ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ቤተሰብ ቤት ያገኘው ዋጋው ዝቅ ባለ አሮጌ ሰፈር ስለሆነ፣ በዚያው ተከማችቶ ቀረ። ኑሯችንን የሚያውቅ ባለሙያ ከአስሊዎቹ መካከል ቢኖር ኖሮ ይህን አስቀድሞ በተናገረ ነበር።

በ2011 የወጣው ሕግ በመንግሥት ሥራ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ውክልና እንዲሰጥ ያዛል። ነገር ግን ልጆቻችንን «ለማኅበረሰቡ ጉዳይ» ብቻ መቅጠር ውክልና አይባልም። በገንዘብ ሚኒስቴርና በእስራኤል ባንክም በኢኮኖሚ ባለሙያነት ይቀጠሩ።

ዲግሪ ብቻውን በር አይከፍትም። በአሜሪካ ሴዲ አሌክሳንደር በ1921 በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ብትሆንም፣ በሙያዋ የሚቀጥራት አጥታ ኋላ ጠበቃ ሆነች። ስለዚህ ቀጣሪውንም መጠየቅ አለብን።

በእኛም በኩል ሥራ አለ። የዩኒቨርሲቲው በር መጥበብ የሚጀምረው ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ልጁን «3 ይሒዶት ሒሳብ ይበቃሃል» ሲሉት ነው። ወላጆች ሆይ፣ ወረቀቱ በዕብራይስጥ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱና «5 የማይሆነው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሌለንበት የተሰፋ ልብስ ልካችን ሊሆን አይችልም።