ሣጥኑ ሲመለስ ማን ይሞላዋል?

በሀገራችን የሳይንስ ትምህርት ድክመት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚጠቀሰው ምክንያት የመሣሪያ እጥረት ነው። አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ መሣሪያ የተገዛላቸውን ትምህርት ቤቶች ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚጎበኝ ሰው ሌላም ችግር ያጋጥመዋል። አሲዱ አልቋል፤ የማይክሮስኮፑ አምፖል ተቃጥሏል፤ ሚዛኑ ልኩን ስቷል፤ ቡሬቱ ጫፉ ተሰብሮ መደርደሪያ ላይ ተጋድሟል። አንድ ትምህርት ቤት ለብቻው የመሣሪያ ጠጋኝ ቀጥሮ ሊያኖር አይችልም፤ ሚኒስቴሩም ለአንድ አምፖል የሚጠራ መሥሪያ ቤት አይደለም። በሁለቱ መካከል የጎደለ ነገር አለ። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ይህን ክፍተት እንዲሞላ በሕግ የተቋቋመና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረ ተቋም ይገኛል፤ የትምህርት አገልግሎት ማዕከል ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተቋሙን አሠራር መርምሮ ለእኛ የሚበጀውን መለየት ነው።

በቅድሚያ የአሜሪካ የትምህርት ዲስትሪክት ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ዲስትሪክቱ ከእኛ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር የሚመሳሰል ቢመስልም በመሠረቱ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ በነዋሪዎች የተመረጠ ቦርድ አለው፤ ከአካባቢው የንብረት ግብር ገቢ ያገኛል፤ መምህራኑንም ራሱ ይቀጥራል። በመጠን ረገድ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። በቴክሳስ ግዛት ብቻ ከ1,000 በላይ ዲስትሪክቶች አሉ። የሂዩስተኑ ዲስትሪክት እ.ኤ.አ. በ2022/23 የትምህርት ዘመን ወደ 190 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ሲኖሩት፣ በምዕራባዊው ሰፊና ደረቅ ምድር ግን የሁሉም ክፍሎች ተማሪዎች ተደምረው ሁለት መቶ የማይሞሉባቸው ዲስትሪክቶች አሉ። ትንሹም ሆነ ትልቁ በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል፤ ተማሪዎቹንም ለአንድ ዓይነት የግዛት ፈተና ያስቀምጣል። ትንሹ ታዲያ የኬሚስትሪ ትምህርት አማካሪ፣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ፣ የኮምፒውተር ጠጋኝ ከየት ያመጣል?

ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ ማዋሐድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939/40 በመላ አሜሪካ ወደ 117 ሺህ የሚጠጉ ዲስትሪክቶች ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት 13 ሺህ ያህል ናቸው። ማዋሐድ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሕፃናቱ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ መመላለስ ይኖርባቸዋል፤ ከተማዋም መሰብሰቢያዋን ታጣለች። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ሕግ ሌላ መንገድ ከፈተ። በሕጉ መሠረት ዲስትሪክቶች ሕልውናቸውን ሳያጡ አንድ የጋራ የአገልግሎት ቦርድ አቋቁመው ለየብቻ የማይችሉትን በጋራ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ዝግጅቱ መጀመሪያ የታሰበው ለጊዜያዊ መሸጋገሪያነት ነበር። ዛሬ በግዛቱ 37 እንዲህ ያሉ ቦርዶች አሉ።

ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሕግ የጀመረው የትምህርት ፊልምና ማሳያ መሣሪያ ለትምህርት ቤቶች ከሚያውሱ ማዕከላት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራቸው ሰፍቶ ግዛቱ በ20 ቀጣናዎች ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱም የትምህርት አገልግሎት ማዕከል ቆመለት። ማዕከላቱ መምህራንን በየትምህርቱ ዓይነት ያሠለጥናሉ፤ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ይልካሉ፤ አዲስ ሕግ ሲወጣ ለዲስትሪክቶች ያብራራሉ፤ የደመወዝና የተማሪ መረጃ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ሥርዓት ያቀርባሉ፤ የጋራ ግዥ ያስተባብራሉ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሮች የሚወስዱት ኮርስ ሳይቀር በእነርሱ በኩል ይሰጣል።

በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ ለማዕከላቱ የነፈጋቸው ነገር ይመስለኛል። ግብር የመጣል ሥልጣን የላቸውም። በዲስትሪክት ላይ የመቆጣጠር ሥልጣንም የላቸውም። ከሚያቀርቡት አገልግሎት የሚበዛውን ዲስትሪክቱ ከፈለገ ይገዛል፤ ካልፈለገ ይተዋል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የድክመት ምልክት ነው፤ እኔ ግን የጥንካሬያቸው ምንጭ እርሱ ነው እላለሁ። ለምን ቢባል፣ ቲትሬሽን ሠርቶ የማያውቅ የኬሚስትሪ መምህር ውጤቱን በሚሞላ ተቆጣጣሪ ፊት አለማወቁን አይናገርም። ቤተ ሙከራውን ቆልፎ «ኬሚካል የለም» ማለት ይቀለዋል። ሊቀጣውም ሆነ ሊሾመው ለማይችል ሰው ግን «ይህን ነገር እስቲ አሳየኝ» ለማለት አያፍርም። የሳይንስ ትምህርት የሚሻሻለው ደግሞ አለማወቅ በነጻነት በሚነገርበት ቦታ ነው።

ማዕከላቱ ለሳይንስ የሚሰጡትን አገልግሎት በተግባር ለማየት ወደ ኒውዮርክ እንመለስ። በግዛቱ ምዕራብ የሚገኘው የሞንሮ ሁለት ኦርሊንስ ቦርድ ለአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት የሙከራ ሣጥኖች ያዘጋጃል። ሣጥኑ ለአንድ ምዕራፍ የሚያስፈልገውን ዕቃ ከመምህሩ መመሪያ ጋር ይዞ ወደ ክፍል ይሄዳል፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ያለቀው ተተክቶ፣ የጎደለው ተሟልቶ ለሚቀጥለው ተጠቃሚ ይዘጋጃል። እንዲህ ያለው ሣጥን ምን ያህል እንደሚያተርፍ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የትምህርት ዓመቱ 40 ሳምንት፣ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ደግሞ 6 ሳምንት ይፈጃል እንበል። አንድ ትምህርት ቤት ሣጥኑን የግሉ ቢያደርገው በዓመት ለ34 ሳምንት አቧራ ይጠጣል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ከጊዜው 15 በመቶ ብቻ ነው። ለመመለሻና ለመሙያ ሁለት ሳምንት ተጨምሮ ቢዘዋወር ግን ያው አንድ ሣጥን አምስት ትምህርት ቤቶችን ያዳርሳል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜም ወደ 75 በመቶ ያድጋል። (እርግጥ ነው፣ አምስቱ ትምህርት ቤቶች ምዕራፉን በአንድ ሳምንት ልጀምር ካሉ ስሌቱ ይፈርሳል። መዘዋወር የሚቻለው የትምህርቱ ቅደም ተከተል እንደየትምህርት ቤቱ ፈቀቅ እንዲል ሲፈቀድ ነው።)

ተቋሙ ጠላትም ሆነ ፈተና የለውም ማለት አይደለም። በአይዋ ግዛት ተመሳሳይ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ተቋቁመው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ሲረዱ፣ መጻሕፍትና የማስተማሪያ ዕቃ በመኪና ለየትምህርት ቤቱ ሲያደርሱ ኖረዋል። በጀታቸው በቀጥታ ይደርሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሕግ ግን ከዚህ ገንዘብ ከፊሉን ወደ ዲስትሪክቶቹ እጅ አዛወረው፤ ዲስትሪክቶቹም አገልግሎቱን ከማዕከሉ ወይም ከሌላ እንዲገዙ ተፈቀደላቸው። ደጋፊዎቹ «ተገልጋዩ ገንዘቡን ከያዘ ማዕከሉ ይተጋል» አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ በጀቱ ያለ ጥያቄ የሚደርሰው መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚያንቀላፋ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ተቃዋሚዎቹ ግን በተለይ ለትንንሾቹና ለሩቆቹ ዲስትሪክቶች ሠጉ።

ሥጋቱ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር እንየው። ዕቃ የሚያደርስ መኪና ለአንድ ዙር 1,000 ብር ቢፈጅና አሥር ትምህርት ቤቶች ቢጋሩት ለእያንዳንዱ 100 ብር ይደርሳል። ለከተማው የቀረቡት አራቱ «በራሳችን እንችላለን» ብለው ቢወጡ የመኪናው ወጪ እምብዛም አይቀንስም፤ ረጅሙ መንገድ ያው ነውና። የቀሩት ስድስቱ እያንዳንዳቸው ወደ 167 ብር ይከፍላሉ። ይህ ዋጋ ደግሞ አምስተኛውን ወይም ስድስተኛውን እንዲወጣ ይገፋዋል። በመጨረሻ ብቻውን የሚቀረው አገልግሎቱን ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ነው። በሌላ በኩል በሽያጭ ብቻ የሚኖር ማዕከል ወደሚሸጠው ነገር ማዘንበሉ አይቀርም፤ የጋራ ግዥና የደመወዝ ሶፍትዌር ገበያ አላቸው፣ የአንድ ገጠር መምህር ጥያቄ ግን ገበያ የለውም። ስለዚህ መንገዱና መሙያው ከጋራ ቋት ይከፈል፣ ሌላው በምርጫ ይሁን የሚለው አቋም ለእኔ ሚዛን የሚደፋ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከላት ከአካባቢው ከሚገኝ ጥሬ ዕቃ የማስተማሪያ መርጃ ይሠሩ ነበር። ኋላም የጉድኝት ሥርዓት ተዘረጋ፤ አንድ ትምህርት ቤት ማዕከል ሆኖ በዙሪያው ያሉት ሳተላይት ተብለው መምህራኑ በጋራ ልምድ እንዲለዋወጡ ተደረገ። ሥርዓቱ ጥሩ አጥንት አለው። ሆኖም በጉድኝቱ መስመር ላይ ከሣጥን ይልቅ ሪፖርት ይበዛል። ሱፐርቫይዘሩ ደጋፊ ነው ይባላል፤ ተጠሪነቱ ግን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። መምህሩ ከፊቱ የቆመው አጋዥ ይሁን ተቆጣጣሪ መለየት ካልቻለ እንደ ተቆጣጣሪ ቢያስተናግደው አይፈረድበትም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት አለ። አንድን ትምህርት በአንድ ደቂቃ ለሁሉም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ማድረስ ቀላል ሥራ አልነበረም። ሙከራውም በመስኮቱ ላይ ይታይ ነበር። ቡሬቱን ግን ለተማሪው እጅ ሊሰጥ አይችልም፤ ያልገባው ቢኖርም ቆም ብሎ አይጠብቅም። መሣሪያው ሲበላሽስ? መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ የማይናቅ እንቅፋትም አለ፤ ንብረት። ማይክሮስኮፕ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በመምህሩ ፊርማ ይያዛል። ቢሰበር ከደመወዝ ሊቆረጥ ነው። በዚህ ሁኔታ ቁም ሣጥኑን የሚቆልፍ መምህር ሰነፍ ሳይሆን አስተዋይ ነው! ስለሆነም ማናቸውም የሚዘዋወር አገልግሎት በየዓመቱ ስንት ብርጭቆ ሊሰበር እንደሚችል አስቀድሞ ገምቶ በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ማን ይጀምር ለሚለው የእኔ ምርጫ የዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስ ፋኩልቲ ነው። ዛሬ ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየአቅጣጫው አሉ፤ ብዙዎቹ የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን አላቸው፤ የማኅበረሰብ አገልግሎትም ከተቋቋሙባቸው ዓላማዎች አንዱ ነው። በአንዳንዶቹ የተከፈቱት የስቴም ማዕከላት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብለው ማሠራታቸው የሚመሰገን ነው፤ ይሁንና የሚደርሱት የትራንስፖርት ዋጋው ለሚበቃው ተማሪ ነው። እኔ የምለው ሣጥኑ ራሱ ይጓዝ ነው። ፋኩልቲው ለመምህሩ ማንም ውጤት አይሙላለት፤ ስለ እርሱም ለወረዳ ሪፖርት አይጻፍ። ሲቸገር የሚደውልበት ስልክ ብቻ ይሰጠው።

«ዩኒቨርሲቲው ራሱ ኬሚካል አጥቶ እንዴት ለሌላ ይተርፋል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጅማሬው ከገበያ በሚሞላ ነገር ይሁን። አቼቶ አሲድ ነው፤ የዳቦ መጋገሪያ ሶዳ ቤዝ ነው፤ የከርከዴ ውኃ በአሲድ ውስጥ ቀይ ሆኖ ቤዝ ሲጨመርበት ቀለሙን ይለውጣል። በእነዚህ ብቻ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ትምህርት አለ። ሁለተኛው ሣጥን ድንጋይ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ትንንሽ አምፖሎችና አንድ መልቲሜትር ይያዝ። የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎች የጎደለውን ቆጥረው ቢሞሉ ለራሳቸውም ልምምድ ይሆናቸዋል። የሁለተኛ ደረጃ አንባቢዎቻችንም ሣጥኑ ሲደርስ ያለቀውንና የተሰበረውን በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ሳትደብቁ ጻፉ፤ የሚሞላው ሰው የሚያውቀው በእናንተ ጽሕፈት ነውና። ሦስተኛው ሣጥን የቲትሬሽኑ ሲሆን፣ እርሱን ለመላክ የሚያስቡ ሁሉ ሁለት ትርፍ ቡሬት መጨመር እንዳይረሱ አደራ እላለሁ።