ዛፉ ተቆረጠ፣ ሥሩስ?

ደባርቅም ሆነ ዳባት ብዙ ግቢ ከጎረቤቱ የሚለየው በባሕር ዛፍ ነው። አጥር ነው፣ ማገዶ ነው፣ ሲቸግር ደግሞ የሚሸጥ አጣና ነው። ባንክ ደብተር የሌለው ሰው እንኳ አጥሩ ላይ ቁጠባ አለው።

ጣጣው የሚመጣው የጎረቤት ቧንቧ በዚያ አጥር ሥር ሲያልፍ ነው። ውሃው ይቀንሳል ወይ ቢሉ ይንራል፤ ሲቆፈር ሥሩ ቧንቧው ላይ ተጠምጥሞ ይገኛል። ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ «በቃ ዛፉ ይቆረጥ» ተብሎ እርቅ ይወርዳል።

ይሄ እርቅ ለእኔ አይዋጥልኝም። ባሕር ዛፍ ስለተቆረጠ አይሞትም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተወደደበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው፦ አንዴ ተክለህ ደጋግመህ ትቆርጣለህ። ስለዚህ «የተቀጣው» ሰውዬ አጣናውን ሸጦ ቀጣዩን ምርት ይጠብቃል። ሥሩ እዚያው መሬት ውስጥ ነው። ተበዳዩ ምን አገኘ?

ባለቧንቧውም ቢሆን ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ሥር ደህና ቧንቧ ፈልጎ አይበሳም። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ መጋጠሚያው ያንጠባጥባል፣ አፈሩ ይርሳል፣ ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ ይመጣና ስንጥቁን ያሰፋዋል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ሮናልድ ኮስን ማንሳቱ አይቀርም። በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጉዳት የሁለት ወገን ነው ይላል፦ ዛፉ ቧንቧውን ይጎዳል፣ ዛፉን ማስነሳት ደግሞ ባለዛፉን ይጎዳል። የሚገርመው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም የወጣው በዚያው ዓመት፣ በ1952 ዓ.ም. ነው፤ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። ግን ለሁለት ሜትር ቧንቧ ፍርድ ቤት መመላለስ ከቧንቧው በላይ ያስወጣል። ሽማግሌ መምረጡ ልክ ነው፤ ችግሩ ውሳኔው ላይ ነው።

እኔ ብጠየቅ፣ ለቧንቧው የቀረበው ረድፍ ከነጉቶው ይነቀል፣ የመንቀያው ወጪ ከአጣናው ሽያጭ ላይ ይነሳ፣ የሚያንጠባጥበውን መጋጠሚያ ደግሞ ባለቧንቧው በራሱ ገንዘብ ይቀይር እላለሁ። ይሄ ሁሉ አጣናው ሳይሸጥ በፊት በወረቀት ይስፈር፤ ብሩ ኪስ ከገባ በኋላ ጉቶ የሚነቅል አይገኝም።

ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት ደግሞ ስልካችሁን አውጡና ቧንቧው ያለፈበትን መስመር ፎቶ አንሱት። ለጎረቤታችሁም ላኩለት።