የማይቃጠል ሁሉ የማይጎዳ አይደለም

ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን «የለም፣ አልደረሰንም» ማለት ይቀናናል። ያለውንስ በሚገባ እናውቀዋለን ወይ? ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ የምናነሣው በየትምህርት ቤቱ የቤተ ሙከራ ሣጥን ውስጥ ሊገኝ የሚችል፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ነው። ባለ ሦስት እግሩ ብረት ላይ ተዘርግቶ ቢከር የሚጣድበትን፣ መካከሉ ላይ ክብ ነጭ ነገር የተለጠፈበትን ማለታችን ነው። በአሮጌዎቹ ወንፊቶች ላይ ያ ነጭ ነገር አስቤስቶስ ነው።

አስቤስቶስ የሚለው ስም ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የማይጠፋ» ማለት ነው። የአንድ ማዕድን ስም ሳይሆን እንደ ጥጥ ወደ ቀጫጭን ክር የሚፈለቀቁ የስድስት ማዕድናት የወል መጠሪያ ነው። ከሁሉም ይበልጥ በሥራ ላይ የዋለው ነጩ ክሪሶታይል ነው፤ ሰማያዊው ክሮሲዶላይትና ቡናማው አሞሳይትም ከፋብሪካ አልራቁም። እሳት አይበላውም፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ከሲሚንቶ ጋር ይቦካል። ሉድቪግ ሃትሼክ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ከሲሚንቶ ጋር አዋሕዶ ያወጣውን ንጣፍ «ኤተርኒት» አለው፤ ዘላለማዊ ለማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለጣሪያ ክዳን፣ ለውሃ ቧንቧ፣ ለቦይለር ሽፋን፣ ለመኪና ፍሬን ሸራና ለፍሪሲዮን ዋለ።

እንግዲህ ዘላለማዊነቱ ነው ጠንቁ። ንጣፉ ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ሲፈተግ በዓይን የማይታይ ክር ይለቃል። ክሩ ከአየር ጋር ተስቦ ከሳንባ ጥግ ይደርሳል። ሰውነታችን ባዕድ ነገርን የሚያስወግዱ ሴሎች አሉት፤ ረጅሙን ክር ግን ሊውጡትም ሊያሟሙትም አይችሉም። ቦታው ይቆስላል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ ሳንባው እየደረቀ ትንፋሽ ያጥራል፤ ይህ አስቤስቶሲስ ይባላል። ከዚህም አልፎ የሳንባ ካንሰርንና የሳንባን ሽፋን የሚይዘውን ሜዞቴሊዮማ የተባለ ካንሰር ያመጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል። በሽታው የሚታየው ደግሞ ክሩ ከተሳበ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው።

ይህ ዛሬ የተገኘ እውቀት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በአስቤስቶስ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ሴት አሟሟት እ.ኤ.አ. በ1924 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጥቷል። በ1931 እዚያው አገር የአቧራ መቆጣጠሪያ ደንብ ወጣ። በ1960 ደግሞ ዋግነርና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ የሰማያዊው አስቤስቶስ ማዕድን አካባቢ የተገኙ 33 የሜዞቴሊዮማ ሕሙማንን ይፋ አደረጉ፤ ከነዚህ ውስጥ ማዕድኑ ውስጥ ፈጽሞ ያልሠሩ፣ በአካባቢው ብቻ የኖሩ ይገኙባቸዋል። ያም ሆኖ ደቡብ አፍሪካ የከለከለችው በ2008 ነው። ትርፍ ያለበት ነገር እውነቱ ቢታወቅም ቶሎ አይቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በሥራ ላይ በሚሳብ አስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰው ይሞታል ይላል። አገራችን አባል በሆነችበት የሮተርዳም ስምምነት አምስቱ የአስቤስቶስ ዓይነቶች በዝርዝሩ ሲገቡ፣ ክሪሶታይል ግን በጥቂት አገሮች ተቃውሞ ለዓመታት ከውጭ ቀርቷል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለፍላቂት ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ የላስታና የመቄት ተራራ እሳተ ጎመራ ያፈሰሰው ባዛልት ነው፤ የአስቤስቶስ ዋና መገኛ ሌላ ዓይነት ዐለት ነው። ቤታችንን የሠራንበትን ድንጋይ ልንጠረጥር አይገባም። የቆርቆሮ ጣሪያም አስቤስቶስ አይደለም። ነገሩ የሚመጣልን በመኪና ነው። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው ጎዳና በደጃችን ያልፋል። ቁልቁለቱን የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑን ይበላል፤ ሸራው ሲቀየር ጎማው ይወልቅና የተጠራቀመው ዱቄት በኮምፕሬሰር ወይም በአፍ እፍ ይባላል። ብዙ አምራቾች አስቤስቶስን ትተዋል፤ የትኛው ሸራ እንዳለበት ግን በዓይን አይለይም። ዱቄቱን የሚጠርገው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነው፤ ትናንት ከክፍላችን የወጣው ልጅ።

ማዕድን እንዴት ሰው ይጎዳል የሚል ካለ፣ በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ያለውን የእግር እብጠት ያስታውስ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ የዝሆኔ ዓይነት የሚመጣው በትንኝ ሳይሆን በእሳተ ጎመራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። ሁለቱም ቀስ ብለው የሚመጡ፣ ሁለቱም ሳይመጡ በቀላል ነገር የሚቀሩ ናቸው።

«ጠመኔ በጠፋበት ስለ አስቤስቶስ?» ለሚሉንም መልስ አለን። ፈጥኖ የሚያሳምመውን ነገር ልጁ ራሱ ይማረዋል፤ እሳት አንዴ ከፈጀው ሁለተኛ አይነካውም። በ15 ዓመቱ የሳበውን በ50 ዓመቱ የሚከፍልበትን ነገር ግን ከመምህር በቀር ማን ይነግረዋል? በሽታው ሲወጣ ምክንያቱ ተረስቷል። ስለዚህ ቀርፋፋ አደጋን ማስተማር የኛ ድርሻ ነው እንላለን። ወጪውም እርጥብ ጨርቅ ነው።

ምን እናድርግ? በተመደብንበት ትምህርት ቤት ነጭ መሐል ያለው አሮጌ ወንፊት ብናገኝ፣ አስቤስቶስ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ነው ብለን እንያዘው። አንፈቅፍቀው፣ በብሩሽ አንጥረገው፣ ለተማሪ አንስጠው። በውሃ አርጥበን በሁለት ፌስታል አሽገን፣ ስሙን ጽፈንበት፣ ቆልፈን እናስቀምጥና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እናሳውቅ። ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ መጣል ለሕፃናት መጫወቻ መስጠት ነው። መሐሉ ባዶ የሆነ ወንፊት ሥራውን ይሠራል። አሮጌ የኤተርኒት ክዳን ካለ ካልተሰበረ አይነካ፤ ሳይነካ የተቀመጠ ብዙ ክር አይለቅም፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ለመካኒኮችና ለረዳቶችም «አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት» እንበል። በሻርፕ አፍን መሸፈን ክሩን እንደማያግድም እንንገር።

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ይሄኛው ጨርሶ አይቃጠልም፤ ጭሱን አይተን አንነቃም። የምንነቃው በማወቅ ብቻ ነውና ያወቅን ላላወቀው እናሳውቅ።