ከቶዮታ ወዲያ ላሳር!

ባለፈው ሰቆጣ መነኻሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጠን መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ከመሃላችን አንዷ አዲስ አበባ ሄዳ የተሳፈረችበትን የኤሌክትሪክ መኪና ፎቶ ከስልኳ ታሳየናለች። "ድምፅ እኮ የላትም!" እያለች። ከጎናችን ሻያቸውን ፉት የሚሉ፣ ዕድሜያቸውን በዚህ መንገድ ላይ የፈጁ ሹፌር ፎቶውን አየት አደረጉና "ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት። ከቶዮታ ወዲያ ላሳር!" አሉ። እኛም አላስቻለንም፣ "ጋሼ፣ ዘመኑ ጥሎዎት ሄዷል እኮ" ብለን ሳቅን።

እሳቸው አልተቀየሙም። "እሺ፣ ቢልባላ ጋ ቀጥ ብትልብሽ ማን ያስነሳታል?" ብለው ጠየቁ። ከአምስታችን አንዳችንም መልስ አልነበረንም። ሳቁም እዚያው ቀረ።

ሰው ሲያረጅ አዲስ ነገር አይቀበልም እንላለን። እውነት ነው እንዴ? በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በስንት መከራ ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ስልሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በፈረስና በበቅሎ የሄዱት ንጉሥ ገብተው ተሳፈሩባት። በአንጻሩ እኛን እዩን። ሃያዎቹን ሳንጨርስ "የቻይና ነው" የተባለ መኪና ሲያልፍ ከንፈራችንን እንመጣለን። ነድተነው አናውቅም። ለነገሩ ብዙዎቻችን ምንም ነድተን አናውቅም፤ መንጃ ፈቃድ ያላት አንዷ ብቻ ናት። አስተያየት ግን ሞልቶናል! አባቶቻችን በዲኤክስ ማሉ፣ ታላላቆቻችን በቪትዝ፣ እኛ ደግሞ ገና ሳንገዛ በፎቶ መማል ጀምረናል።

የጋሼን ጥያቄ ግን ደጋግመን ስናስበው እርጅና ሆኖ አላገኘነውም። ዋግ ላይ ቶዮታ የተወደደው በማስታወቂያ አይደለም። መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታዋል፣ መለዋወጫው ቢጠፋ ከሌላ ተነቅሎ ይገጠምለታል፣ ማደያው ቢደርቅ ቤንዚን በሃይላንድ ይገዛለታል (ዋጋውን አትጠይቁን)። አዲስ ስም ማመን ደግሞ ሰውን ያስከፈለበት ጊዜ አለ። ሆላንድ ካር "አባይ"፣ "አዋሽ" እያለ በወንዞቻችን ስም መኪና ሲገጣጥም ስንቱ ኮርቶ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ድርጅቱ ሲከስር መኪናውን የገዛ ሰው መለዋወጫውን ከየት ያምጣ? ይህን ያየ ሰው ቢጠራጠር ይፈረድበታል?

አሁን ግን ነገሩ በምርጫ ብቻ የሚታለፍ አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ያሉት ቶዮታዎች ደግሞ ከእኛው ጋር እያረጁ ነው። የእኛ ትውልድ መኪና ከገዛ (ከገዛ ነው ያልነው!) የሚገዛው ምናልባት ያንን ድምፅ የሌለውን ነው።

እዚህ ላይ ጋሼም እኛም ያላሰብነው ነገር አለ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ዳገቱ ላይ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣውን ሚኒባስ አስታውሱ። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፣ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም። ዳገቱ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ እሱ እውነት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ፍሬኑ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ከበላው የተወሰነውን ይመልስለታል። ለሜዳ አገር የተሠራ የሚመስለን መኪና ለእኛ ተራራ አንድ ሁለት ነገር ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ይህን ስናውቅ ደነገጥን፤ ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ሳንጠይቅ ስንፈርድ መክረማችን አሳፈረን።

ሌላው ጎን ደግሞ ይኸውላችሁ። ሰቆጣ በጦርነቱ ጊዜ ለወራት በጨለማ የከረመች ከተማ ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልካችንን ይዘን ጄኔሬተር ያለው ቤት የምንዞር ሰዎች መኪና የት እንሰካለን? አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህ ጥያቄ ኋላ ቀር ይመስለዋል። እሱም የራሱን ሰፈር እንደ አገር እያየ ነው።

አያቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያያሉ፣ ጀርባዋን ይዳብሳሉ፣ ትንሽ ያስኬዷታል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠራሉ። የየትኛውም ፋብሪካ አርማ ግንባሯ ላይ የለም። መኪና ላይ ስንደርስ ይህ ልማድ የት እንደገባ እንጃ። አርማውን አይተን እንወዳለን፣ አርማውን አይተን እንጠላለን።

የዚያን ቀን መኪናው ሞልቶ ስንነሳ ጋሼ ከኋላችን ተጣሩ። ሒሳብ ረስተን መስሎን ዞር አልን።

"እንደው ያቺ መኪና" አሉ ወደ ስልኩ በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ "ስንት ሰው ትጭናለች?"