ፊሽካው በልጅ እጅ

በዚህ ዓምድ ስለ መድረሳና ስለ ትምህርት ቤት ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን ከክፍል ወጣ ብለን ወደ ሜዳ እንሂድ። ሜዳው ያለው ናይሮቢ ነው፤ ጉዳዩ ግን የእኛም ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

በ2023 ክረምት የአክስቴን ልጅ ለመዘየር ናይሮቢ ሄጄ ነበር። የምትኖረው ኢስሊ ነው። የሶማሌና የአገራችን ሰው በብዛት ያለበት ሰፈር ስለሆነ ስሙን ያልሰማ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ከኢስሊ የጁጃን መንገድ ተሻግረው ቁልቁል ሲመለከቱ የሚታየው ሸለቆ ማታሬ ይባላል። ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ገደል ነው። ዛሬ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደገፈበት፣ በቤትና በቤት መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍበት፣ ወንዙም ጥቁር ሆኖ የሚወርድበት መንደር ሆኗል። እኛ የጨረቃ ቤት የምንለው ዓይነት፣ ስፋቱ ግን ከተማ የሚያክል።

ቅዳሜ ጠዋት የአሥራ አራት ዓመቱ የአክስቴ ልጅ ልጅ «አጎቴ፣ ዛሬ ጨዋታ ስላለን አብረን እንሂድ» አለኝ። የያዘው ግን ኳስ አልነበረም፣ አካፋ ነበር።

ተከትዬው ወረድሁ። ወደ ሃያ የሚጠጉ ልጆች የተደፈነ ቦይ ሲጠርጉ አገኘሁ። አንዷ ልጅ ደብተር ይዛ የመጣውንና የቀረውን ትመዘግባለች። አዋቂ ሰው አጠገባቸው የለም። ለካስ ለቡድናቸው ነጥብ እየሰበሰቡ ኖሯል!

ነገሩ የተጀመረው በ1987 ነው። በናይሮቢ ይኖር የነበረ ቦብ ሙንሮ የሚባል ካናዳዊ፣ የማታሬ ልጆች ከፌስታልና ከሲባጎ በጠቀለሉት ኳስ ሲጫወቱ ያያል። ልጆቹ የጎደላቸው በወግ የሚመራ ውድድር ነበር። እርሱም ውድድሩ ይቋቋማል፣ እናንተም በፋንታችሁ ለሰፈራችሁ አንድ ነገር ትሠራላችሁ ብሎ ተዋዋላቸው። የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር፣ በአጭር አጠራሩ ማይሳ፣ የተወለደው ከዚህ ውል ነው። በውድድሩ ደንብ መሠረት አንድ የጽዳት ዘመቻ የፈጸመ ቡድን 6 ነጥብ ይመዘገብለታል። አንድ ጨዋታ ከማሸነፍ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ እግሩ የማይረባ ቡድን በአካፋው ዋንጫ ሊጠጋ ይችላል።

ከመንገድ ላይ የሚያውክን ነገር ማንሳት ሰደቃ መሆኑን መድረሳ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ለስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። በነጥብ ሲቆጠር ያየሁት ግን ማታሬ ነው። ስመለስ ይህን ያጫወትኋቸው አንድ ትልቅ ሰው «ታዲያ ኒያው አይበላሽም? ልጁ የሚጠርገው ለነጥብ ነው» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም። ዳሩ ግን እኔ ራሴ በልጅነቴ አሊፍ ባን የቀራሁት ቸኮሌት እየተሰጠኝ ነው፤ ኒያው በኋላ መጣ። ልጅ መጀመሪያ እጁ ይለምዳል።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሲጀመር ፊሽካ የያዘው ዳኛ ከተጫዋቾቹ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነበር። «ለምን እርሱ ሆነ?» ብዬ ብጠይቅ ወጣቱ ዘመዴ ሳቀብኝ። ባለፈው ጊዜ ቀይ ካርድ አይቶ ነው! በማይሳ ደንብ ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች ወደ ሜዳ የሚመለሰው የታናናሾቹን ጨዋታ ዳኝቶ ነው። ዳኛን መስደብ ምን ያህል ቀላል፣ መዳኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይቀምሳታል። አረንጓዴ ካርድም አለ፤ በጨዋነቱ ለበለጠ ልጅ የሚሰጥ ነው። ካሠለጠነ፣ ከዳኘ፣ ከጠረገ ለልጁ ለራሱም ነጥብ ይያዝለታል፤ ብዙ ነጥብ ያላቸው ሲሸለሙ ገንዘቡ የሚከፈለው በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ነው። የየአካባቢውን ምክር ቤት የሚመርጡትም የሚመረጡትም ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከዚህ ማኅበር የወጣው ማታሬ ዩናይትድ በ2008 የኬንያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2003 ደግሞ ማኅበሩ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭቶ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ወደ ናይሮቢ ከመሄዴ አንድ ዓመት በፊት እኛም በኮልፌ በኩል ባለ አንድ መስጊድ ግቢ ለሰፈራችን ወጣቶች የክረምት ፕሮግራም ከፍተን ነበር። ከጀመዓው ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ደብተር ተገዛ። ጠዋት ቁርዓን፣ ረፋድ ላይ ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሐደራ። በመጀመሪያው ሳምንት ግቢው አልበቃ አለ። በአምስተኛው ሳምንት ከአሥራ አምስት የማይበልጡ ልጆች ቀሩ፤ እነርሱም አባቶቻቸው በር ላይ የሚጠብቋቸው ናቸው። ለጀመዓው ባቀረብነው ሪፖርት የዘመኑ ልጅ ዕውቀት አይወድም ብለን ጻፍን። ፊርማዬ አለበት።

አንድ ልጅ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ትምህርቱን አቋርጦ በታክሲ ረዳትነት የሚሠራ፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ነው። በሁለተኛው ቀን መጥቶ «ኡስታዝ፣ እኔ ምን ልሥራ?» አለኝ። «ቁጭ ብለህ አዳምጥ» አልሁት። ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። የማታሬው ልጅ ፊሽካውን ሲነፋ ትዝ ያለኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ሁሉን ነገር ሠርተን ጨርሰን ጠብቀነው ኖሮ ለእርሱ የቀረው መቀመጥ ብቻ ነበር።

ማታሬን ገነት አድርጌ እንዳልሥልባችሁ። ማኅበሩ ከጊዜ በኋላ ከኖርዌይና ከሌላም የውጭ ድጋፍ አግኝቷል፤ በአካፋ ብቻ አልቆመም። ልጅ ቦይ ስለጠረገም የፍሳሽ መስመር አይዘረጋም፤ ያ የመንግሥት ሥራ ነው። በ2024 ኤፕሪልና ሜይ ጎርፉ ማታሬን ሲመታ ቤት ፈረሰ፣ ሰው ሞተ። ቀጥሎም መንግሥት በወንዙ ዳር የነበሩትን ቤቶች አፈረሰ። ወጣት ሰፈሩን ሲያጸዳ አይተው «እንግዲህ እኛ አያስፈልገንም» የሚሉ ሹማምንት በየአገሩ አይጠፉም።

የሴት ልጆች ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። በማይሳ ሴቶች መጫወት የጀመሩት በ1992 ነው፤ ወንዶቹ ከጀመሩ አምስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። እናቶች ፈርተው ነበር። ሲመሽ ማን ያመጣታል? ውሃውን ማን ይቀዳል? ታናናሾቿን ማን ይይዝ? ፍርሃታቸው ከንቱ ስላልነበረ ልጃገረዶቹ ሳይመሽ ቤታቸው እንዲገቡ ማድረግና ወላጆችን ማነጋገር ግድ ሆነ። ይህን የምታነቡ እናቶች ጥያቄዎቹን ሳታውቋቸው አትቀሩም። በእኛ ላይ የአለባበስና ለብቻ የሆነ ቦታ ጥያቄ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል እንጂ አይዘጋም። የእኛ ኮሚቴ ግን እስካሁን «እንመካከርበታለን» እንዳለ ነው። እኔም ከኮሚቴው አንዱ ነኝ።

ከናይሮቢ ስመለስ ያንን ልጅ በታክሲ ተራው ፈልጌ አገኘሁት። የዕቃ ቤቱን ቁልፍና የስም መዝገቡን ይዞ ሜዳውን እንዲያደራጅልን ጠየቅሁት። አዛውንቶቹ አልወደዱትም። «የመስጊድን ቁልፍ ለወያላ?» ያሉኝ የማከብራቸው ሰው ናቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ቁልፉ ለአንድ ወር ለሙከራ ተሰጠው። በዚያ ወር ሁለት ኳስ ጠፋ። አንድ ሳምንት ደግሞ ሥራ በዝቶበት ሳይመጣ ቀርቶ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ተመለሱ። እኒያ ሰው «አላልኋችሁም?» አሉ። ልጁ ስብሰባው ፊት ቆሞ ለጠፉት ኳሶች ከደመወዙ እንደሚከፍል ሲናገር ግን እርሳቸው ናቸው የአንዱን ዋጋ ከኪሳቸው ያወጡት። ቁልፉም እርሱ ዘንድ ቀረ።

አሁን ደንቡን ልጆቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ታናሹን ንባብ ያስጠና ነጥብ አለው፤ የውዱእ ቦታውን ያጠበ፣ ምንጣፍ ያራገፈም እንደዚሁ። ሒሳብ የሚቀሩት ቁጥራቸው አሁንም ያን ያህል አይደለም፤ ከሚመጡት ውስጥ ግን ማንም በር ላይ አይጠበቅም። ያ ልጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ትምህርቱን ለመቀጠል ማመልከቻ አስገብቷል፤ ታክሲውን ግን አልተወም፤ እናቱን የሚረዳው እርሱ ነው።

ባለፈው እሑድ መዝገቡን ገለጥ አድርጌ አየሁት። የአሠልጣኞችና የአስተማሪዎች ስም በተለየ ገጽ ተጽፏል። ከእኔ ስም ፊት ሁለት ጊዜ «ቀሪ» ይላል። አንዱን ቀን ታምሜ እንደነበር ነገርሁት። «ኡስታዝ፣ ወረቀት አላቸው?» አለኝ። አልነበረኝም።