ሁለት ጆንያ፣ ሁለት ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። የመንግሥትን ገንዘብ ስም ግን የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን የበጀት ጸሐፊ ነው። ቃል የምንወድ ሰዎች ስለ ድጎማ ዝም ማለት የማይገባን ስለዚህ ይመስለኛል።

ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው መንገድ ጋላፊን አልፎ፣ ሰርዶን አቋርጦ ወደ ሰመራ ያመራል። ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳት ትንሽ ከተማ ናት፤ ብዙ ነገር ያልፍባታል፣ ጥቂት ይወርድላታል። ማዳበሪያ የጫነውም፣ የእርዳታ ስንዴ የጫነውም ካሚዮን የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ጆንያ ለአራሽ ነውና ስሙ ግብዓት፣ ማበረታቻ፣ ልማት ይባላል። ሁለተኛው ለከብት አርቢው ሲደርስ እርዳታ ይሆናል፤ ተቀባዩም «ተረጂ» ተብሎ ይመዘገባል። ሙሉ ዋጋውን ተቀባዩ ያልከፈለው ግን ሁለቱንም ነው።

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ለማዳበሪያ ብቻ 15 ቢሊዮን ብር ደጉሟል። አልመቀኝም። ማዳበሪያ በዓለም ገበያ እንደዚያ በተወደደበት ዓመት ያለ ድጎማ ስንት ማሳ ጦሙን ባደረ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ አራሹ ሲቀበል አልሚ፣ አርቢው ሲቀበል ሸክም የሚያደርገን ቋንቋችን ነው።

የአዋሽ ሸለቆ እርሻ በራሱ ጉልበት የቆመ የሚመስለው ካለ ወደኋላ ይመልከት። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የተሠራው ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስም ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። ግድቡ፣ ርካሹ መሬት፣ የግብር እፎይታው ድጎማ ካልሆኑ ድጎማ ምንድን ነው?

ትልቁ ድጎማ ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ የሚበቅለው የዳርቻ ሣር፣ ሌላው ሜዳ ሲነድ የአፋር ከብት የሚጠጋበት የበጋ ግጦሽ፣ «ባዶ መሬት» ተብሎ ለጥጡ ተሰጠ። ባዶ! በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ መሸሻው ታርሶ ጠበቀው። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ አፋሮች ግጦሻቸውን ለንግድ እርሻ ማጣታቸውን ለእልቂታቸው ከዳረጉት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል። እንግዲህ ደጓሚው ማን ነበር? ጥጡን ሲደጉም የኖረው ላሙ የሞተችበት ሰው ነው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ እርሻዎቹን ወረሰ፤ ሣሩን ግን አልመለሰም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጥቂቱ መሬት ለጎሳዎች ቢመለስም፣ ብዙ ሳይቆይ የተንዳሆ ስኳር በግድቡና በሕንድ ብድር መጣ፤ እንደገና የሸንኮራው እንጂ የሣሩ ሒሳብ አልተሠራም። (በስም ማውጣት አፋሮች ከእኛ ይሻላሉ። ግጦሻቸውን የወረረውን እሾሃማ ዛፍ «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለው ላመጣው መንግሥት መዝግበውለታል።)

«አርቢው ካልሰፈረና ካላረሰ አያመርትም» የሚል መልስ እሰማለሁ። ታዲያ ከሰመራ እስከ አዋሽ የሚጠጣው የግመል ወተት፣ ለገበያ የሚነዳው ፍየል ከየት መጣ? ማንም ማዳበሪያ አልሰጠው፤ ቦይም አልቆፈረለት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሩ በነጻ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአዋሽ ዳር አዲስ የስንዴ ማሳ ሲታቀድ ከዘሩ፣ ከነዳጁና ከማዳበሪያው ወጪ ጎን የጠፋው ግጦሽ በሄክታርና በብር ይጻፍ። ገንዘቡም ድርቅ ሳይጠበቅ፣ ማንም «ተረጂ» ሳይባል፣ በመኖና በውኃ ለባለ ከብቱ ይከፈል።